አራተኛው ቸርኬ

ራሂማ ለእህቷ በስልክ ስትነግራት ነው የሰማሁት። ሆን ብዬ አይደለም። ማለቴ፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ወሬው ግን ራሱ ነው የመጣው። የነሱን ቤትና የኔን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ እሱንም አይጥ በልቶታል። «ትናንት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው» ትላለች እየተነፋረቀች፣ «እሱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ "ዘንድሮ ዝናቡ ምነው እንዲህ ዘገየ" አለኝ። እላያችን ላይ እየወረደ፣ እህቴ። አልሰማውም።»

በቃ፣ ያኔ ነው ሁሉም የተገለጠልኝ። የራሂማን ባል ዓብዱልቃድርን ከግቢያችን ወንድ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ወሬ ሲነግሩት ስለማያቋርጥ ነበር። እጁ ስራውን ይሰራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ስጨርስ «አልሀምዱሊላህ» ይላል። ባለፈው የባለ ሱቁ ሚስት ጥላው ጠፋች ብዬ ስነግረው «አልሀምዱሊላህ» ሲለኝ፣ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከሴትየዋ ጋር ምን አለው ብዬ ሳምንት ሙሉ ስከታተለው ሰነበትኩ። ለካ ምስኪኑ አንድም ቃል አልሰማኝም። ለካ ስንት ወር ሙሉ ያን የመሰለ ወሬዬን ጉድጓድ ውስጥ ስደፋ ከርሜያለሁ።

ዓብዱልቃድር ስራው ቸርኬ ማደስ ነው። እዚህ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዡም ጎሚስታውም ሞልቷል፤ እሱ ግን ጎማው ከወለቀ በኋላ የሚቀረውን ብረቱን ብቻ ነው የሚሰራው። የተፋቀውን፣ የተላጠውን፣ ዝገት የበላውን ቸርኬ ያመጡለታል። አሮጌውን ቀለም በቲነር ያነሳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ የተጎረደውን በስቱኮ ይደፍናል፣ ከዛ ብርማ ቀለም ይነፋበትና ላዩን ቫርኒሽ አልብሶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ከልብስ ማስጫችን ስር አራት አራት ሆነው ሲደረደሩ የሰርግ ትሪ ይመስላሉ። አንድ ቀን የልጄ ልጅ ከስር ያለውን ረስታ የታጠበ አንሶላ ጣለችባቸውና አንሶላው ብር ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ አልጋዬ ላይ አለ።

መንገዱ ከታደሰ ወዲህ ስራ በዝቶለት ነበር። አዲሱ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ከፍ ያለ ነው፤ መኪና ለማቆም የተጠጋ ሹፌር ሁሉ ቸርኬውን አስፍቆ ይሄዳል። እንዲያውም እኔ አንዳንድ ቀን በር ላይ ቁጭ ብዬ መኪና ሲፋቅ ስሰማ «ና ግባ፣ እዚህ ነው» እላለሁ።

አንድ ህግ ነበረው። ስቱኮ ከማስነካቱ በፊት ቸርኬውን ከስራ ዳሱ ማገር ላይ በገመድ ያንጠለጥልና በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጎ ይመታዋል። ደህናው ይጮሃል፤ ረዘም ያለ፣ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ። የተሰነጠቀው ግን «ጧ» ይልና እዛው ይሞታል። ስንጥቁ አንዳንዴ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ ዓይን አያየውም፣ በተለይ ከውስጥ በኩል ግሪስና ጭቃ የለበሰው ጋ። ስንጥቅ ቸርኬ ደግሞ ቀለም አይቀባም። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ መልሶ ያስታቅፋቸዋል። ቀለም ይደብቃል እንጂ አይጠግንም ይላል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከሱ እጅ ስንጥቅ ቸርኬ አልወጣም፤ ሹፌሮቹም ከካዛንቺስ፣ ከደምበል፣ ከየት ከየት እሱን ብለው የሚመጡት ለቀለሙ ሳይሆን ለዛ ነው። አሁን ጆሮው ከሄደ ምን ቀረው።

የዛኑ ቀን ራሂማን በሯ ላይ ያዝኳት። በስልክ እንደሰማኋት አልነገርኳትም፣ «ባልሽ ዝናብ አይሰማም መሰለኝ» ነው ያልኳት። እሷም እኔን ስለምታውቅ ወዲያው ግድግዳውን ዞራ አየችው። ከዛ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ግራይንደሩና ኮምፕሬሰሩ ናቸው ጆሮውን የጨረሱት አለች። ሐኪም ቤት ወስዳው ነርቩ ነው፣ አይመለስም ብለዋታል። ለማንም አልተናገሩም፤ ሹፌር ከሰማ ማን ቸርኬ ያመጣል። እሱም ስንጥቅ እንዳያልፈው ፈርቶ ደህናውንም ደህና ያልሆነውንም እየመለሰ ነው፤ ሰዉ ማጉረምረም ጀምሯል። በመዳፉ እየነካ ንዝረቱን ሊለየው ሞከረ፣ አልሆነለትም። በስልሳ ሦስት ዓመቱ ደግሞ ሌላ ምን ስራ ይማራል። «እማማ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ ይቺን ብቻ በሆድዎ ይያዙልኝ» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ በህይወቴ በሆዴ የያዝኩት ነገር ልጅ ብቻ ነው፣ እሱንም ዘጠኝ ወር አልሞላሁም። ይቺን ግን ያዝኩ። እንዲያውም ሌላ ነገር ጨመርኩበት። «ሸክላ ስንገዛ ምን እናደርጋለን» አልኳት። ገበያ ወርደን ማሰሮውን አንስተን በጣታችን ኳ ኳ እናደርገዋለን እንጂ ላዩን አይተን እንገዛለን እንዴ። ደህናው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ይታነቃል። እኔ ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ ስንጥቅ ማሰሮ ተታልዬ አልገዛሁም። ታድያ ቸርኬ የብረት ማሰሮ አይደል።

ለሀብትነሽ ብቻ ነገርኳት። ሀብትነሽ ከወጣትነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፣ ቤቷ ከግቢው በር ጋ ነው። ለሷ መንገር ማለት ለማንም አለመንገር ነው፤ እኔ አስር ስናገር እሷ አንድ ትናገራለች፣ ያቺም አንዷ ትቆርጣለች። ሰማችኝና «ወሬ የማያስቀምጥ ጆሮ አበደርሽው ማለት ነው» አለች።

በማግስቱ ሰፌዴን ይዤ ከዓብዱልቃድር ዳስ በር ላይ ተቀመጥኩ። ለሚያየኝ ምስር የምትለቅም አሮጊት ነኝ። እሱ ጀርባውን ለሹፌሩ ሰጥቶ ይመታል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ከጮኸ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከታነቀ ሰፌዱን አራግፋለሁ። ሹፌሩ ሲያወራው እኔ ሰውየውን የምቆጣ መስዬ ቃሉን ደግሜ ፊት ለፊቱ በግልጽ እናገርለታለሁ፣ እሱ ከከንፈሬ ያነባል፤ የሌላ ሰው ከንፈር ግን አልሆነለትም። አንዳንዱ ሹፌር «ምነው ዝም አሉኝ» ሲል፣ «ዚክር ላይ ነው፣ የአላህን ስም እያነሳ ነው፣ አታቋርጠው» እላለሁ። አንድ ቀን ራሂማ ይቺን ሰምታ በሳቅ ሞተች። ከዚክርም ዚክር ቲነር እያሸተተ የሚደረግ የት አለ።

መጀመሪያ ሰሞን እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። አንድ ጊዜ ትልቅ መኪና ያለው ከረባታም ሰውዬ መጣ፤ ቸርኬው የሰሃን ያህል ያብረቀርቃል፣ ትንሽ ጭረት ብቻ ነው ያለው። ዓብዱልቃድር መታው፤ እኔ ሰፌዱን አራገፍኩ። ሰውየው አበደ። ውጭ አገር የተሰራ ነው፣ ምናምን አለ። ዓብዱልቃድር ምንም ሳይል ውስጡን በቤንዚን አጠበና ጣቱን አስቀመጠበት። እዛች ጋ ከፀጉር የቀጠነች መስመር። ሰውየው ቸርኬውን ተሸክሞ ሄደ። ዓብዱልቃድር ያን ቀን ወደኔ መጥቶ እጄን ሳመኝ። «እትዬ፣ ሰው አደረጉኝ» አለኝ። አራት ወር እንዲህ ሰራን። አንድ አልሳትኩም። ደህናውን አይመልስም፣ ስንጥቁን አያሳልፍም፣ ሹፌሮቹም ተመለሱ።

አምስተኛው ወር ላይ ኢያቄም መጣ።

ኢያቄም የማዕዛ ልጅ ነው። ማዕዛ ካዛንቺስ ሳለች የኔም የሀብትነሽም ወዳጅ ነበረች፤ እድራችን አንድ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማ ዳር ወጥተው ቤት ደረሳቸውና ከዛ ወዲህ አላየናትም ነበር። ልጇ በትንሽ ነጭ መኪና ሰው ያመላልሳል። ያን ሳምንት አንድ ሆቴል እንግዶቹን በኮንትራት እንዲያመላልስለት ሊቀጥረው ነው፤ ሰኞ መኪናውን አይተው ይወስናሉ። መኪናዋ ደህና ናት፣ ቸርኬዎቿ ግን ውሻ ያኘካቸው ይመስላሉ። ስራውን ካገኘ በጥቅምት ሊዲያ የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው። «እማማ ሸዋአየሁ፣ በደምብ እንዲያሳምሩልኝ ይንገሩልኝ» አለኝ እየሳቀ፣ «እሳቸው ካዩት በኋላ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው።»

ማዕዛም አብራው መጥታለች። ስማችንን እየጠራች፣ ጉንጫችንን እያፈራረቀች ስማ ስማ ከሀብትነሽ ጋር ግቢው በር ላይ ቆመች። እኔም ልነሳ ነበር። ዓብዱልቃድር ግን አራቱን ቸርኬ አጥቦ የመጀመሪያውን ሰቅሏል። ተቀመጥኩ።

እንግዲህ አስቡት። ግማሽ ዓመት የተጠራቀመ የማዕዛ ወሬ፣ ከኔ አስር እርምጃ ርቆ፣ ያለ እኔ እየተበላ ነው።

አንደኛውን መታ፤ ጮኸ፤ ነቀነቅሁ። ማዕዛ ስለ ሽምግልናው እያወራች ነው። ሁለተኛውን መታ፤ ጮኸ፤ ነቀነቅሁ። የሊዲያ እናት ለሽምግልናው ቀን ደረቷን የሞላ የወርቅ ሀብል አድርጋ ነበር ትላለች። ሦስተኛው ጮኸ። ሀብሉ የሷ አይደለም፣ የተዋሰችው ነው ትላለች፤ ሀብሉን አየሁት፣ መቆለፊያው በቀይ ክር ታስሯል፣ ያን ክር ያሰርኩት እኔው ራሴ ነኝ ትላለች። «እና የማን ሆኖ ተገኘ መሰለሽ» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

አራተኛውን ያን ጊዜ ነው የመታው።

ሰምቼዋለሁ ወይ ብትሉኝ፣ እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ጆሮዬ ሳይገባ አልቀረም። እኔ ግን እቤት አልነበርኩም። አንገቴ ወደ በሩ ዞሯል፣ ምስሩ ከሰፌዱ እየፈሰሰ ነው፤ ዓብዱልቃድር እየጠበቀኝ እንደሆነ ትዝ አለኝና ዝንብ እንደማባርር ነቀነቅሁለት። ሀብሉ ለካ የማዕዛ የእህቷ ነው፤ በሦስተኛ ሰው በኩል ነው የሄደው። ይቺን ለመስማት ነው።

እሱ ስቱኮውን ለወሰ።

ቅዳሜ ሲወስዳቸው መስታወት ሆነው ነበር። ኢያቄም ፊቱን አየበት። ሰኞ ሆቴሉ ቀጠረው። ማዕዛ ለሀብትነሽ ደውላ እልል አለች፤ እኛም በስልኩ እልል አልን። ራሂማ ለዓብዱልቃድር በእጇ ስታስረዳው እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የነዳው። ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል ሲወርድ የፊት ጎማው ቸርኬ ለሁለት ተከፈለ። መኪናዋ ዞራ የመብራት ምሰሶ መታች። እንግዳ አልጫነም ነበር፣ ለዛ እግዚአብሔር ይመስገን። የኢያቄም ቀኝ እግር ግን በሩና ምሰሶው መሀል ቀረ። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ዓብዱልቃድር የተሰበረውን ቸርኬ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄዶ አየው። እኔም ተከትዬው ሄጄ አየሁት። ስብራቱ ግማሹ አዲስ ነው፣ ነጭ፣ ጥርስ ይመስላል። ግማሹ ጥቁር ነው፤ ዓመት የቆየ ስንጥቅ፣ ዘይት የጠጣ። ጥቁሩ ላይ ደግሞ ቀጭን የስቱኮ መስመር፣ በላዩ የሱ ብርማ ቀለም። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቢያየው ያነበዋል። ዓብዱልቃድር ጣቱን ስንጥቁ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆመ።

ከዛ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የሄድነው። ማዕዛ ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ዓብዱልቃድር ፊቷ ቆመና፣ የማይሰማ ሰው ድምፁን አይለካም፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል፣ ደብቄያችሁ ነው የሰራሁት አላት። ስለኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

ኢያቄም አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ሳይዞር፣ «እሱ አይቶልኛል ብዬ ነው ልቤን ጥዬ የነዳሁት» አለ። ዓብዱልቃድር ምን አለ ብሎ ወደኔ አየ። አራት ወር ሙሉ የሰው ቃል ስደግምለት የኖርኩ ነኝ። «ይቅር ብሎሃል» አልኩት። ከንፈሬን አየ፣ ዓይኔን አየ። «እንዲህ አላለም» አለኝ።

ደረጃው ላይ ያዝኩት። እኔ ነኝ፣ ልመለስና ልንገራቸው ብዬ ጀመርኩ፣ እጄን እያወራጨሁ። እሱ ገብቶታል። «አንገትዎ ወደ በሩ ነበር፣ አይቻለሁ» አለኝ። «አይቼ ደግሞ ንቅናቄዎን አመንኩ። በቃ እትዬ፣ ዝም ይበሉ። የኔ ስም አንዴ ሞቷል፣ ሁለት ስም አንቅበር።»

እኔም ዝም አልኩ። ምን ያህል ቶሎ እንደተስማማሁ ሳስበው ነው የሚያመኝ። ራሂማ አንድ ቀን ጓሮ ልብስ ስታጥብ ቀና ሳትል «እማማ፣ አራተኛው ደህና ነበር ወይ ድምፁ» ብላ ጠየቀችኝ። «እንደ ቂርቆስ ደወል ነበር የኔ ልጅ» አልኳት። እንግዲያውስ ብረቱም ይዋሻል ማለት ነው ብላ እጥበቷን ቀጠለች።

ከዛ በኋላ ማንም አልመጣም። ወሬው ከኛ ግቢ ሳይሆን ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር ነው የወጣው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ደምበል ደረሰ። አንዱ ሹፌር ከዓመት በፊት ያሳደሰውን ቸርኬ ይዞ መጥቶ ዳሱ በር ላይ ጥሎት ሄደ። ሌላው መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ተሳደበ፤ ዓብዱልቃድር ሰላምታ መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለለት። እኔ ሰፌዴን ይዤ እዛው ነበርኩ። አልደገምኩለትም።

በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ማዕዛ አታናግረውም፣ እሱም ለመናገር አይሄድም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመለሳል። ሊዲያ መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ይዛ ትመጣ ነበር። ኋላ በሳምንት አንዴ ሆነ። ኋላ እናቷ አሟታል ተባለ። ሽምግልናው በማን በኩል እንደፈረሰ እንኳ ለማወቅ አልፈለግሁም፤ እኔ፣ ሸዋአየሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኮምፕሬሰሩን ሁለት ሰዎች መጥተው ጫኑት። በማግስቱ ገመዱን ከማገሩ ላይ ፈታው። ከዛ ራሂማ ወንድሟ ኮምቦልቻ እንደጠራቸው ነገረችኝ። ወንድሟ ወፍጮ ቤት አለው፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ ቢሰሙም ባይሰሙም አንድ ነው አለች። ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ራሂማ ጎረቤቱን ጠራች። ፆም ስለነበር ለኛ ብላ የምስር ሳንቡሳ ጠብሳለች፣ ዘይቱንም አዲስ ነው ያደረገችው። ቤቱ ባዶ ነው፤ በተጠቀለሉት ፍራሾች ላይ ተቀምጠናል። ዓብዱልቃድር ከኔ ጎን ነው የተቀመጠው። ሀብትነሽ ከፊት ለፊቴ። የግቢው ሴቶች አሉ፣ ሁለት ሦስት ወንዶች አሉ። ራሂማ ሻይ ልታመጣ ወጥታለች።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ አውቶቡሱ መነሻ ሰዓት ነበር የሚወራው። ከዛ ሰው እንደሚያደርገው ሆነ። የማይሰማ ሰው ፊትህ ተቀምጦ ሲበላ ማውራት ይቀላል። አንዷ የሚያሳዝነው ልጁ ነው አለች። አንዱ፣ ሰው የስራው ቀን ሲያልቅ ማወቅ አለበት፣ መዶሻ ይዞ ሙጭጭ ማለት ምን ይሉታል አለ። ሌላዋ፣ መደበቁ ነው የከፋው፣ በሰው ነፍስ ቁማር ነው አለች። ዓብዱልቃድር የተናገረውን ሁሉ ተራ በተራ እያየ ፈገግ ይላል፤ የሚመርቁት መስሎታል። ሳንቡሳ ያልወሰደ ካለ ያቀርባል።

ዝም ማለት እችል ነበር። አፌ ግን የሰው ወሬ መሀል ገብቶ ዝም ብሎ አያውቅም። እኔም ራሴን ነቀነቅሁና፣ እውነት ነው፣ ጆሮ ሲከዳ መተው ነበረበት፣ እኛም ጎረቤቶቹ ብናውቅ ኖሮ እንመክረው ነበር አልኩ።

ሀብትነሽ የያዘችውን ሳንቡሳ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«እሱስ ጆሮ የለውም» አለች። «አንቺ ሁለት ጆሮ ነበረሽ፣ ሸዋአየሁ። ቸርኬውን ስሚልኝ ብሎ ሲያስቀምጥሽ፣ ሁለቱም የኔና የማዕዛ አፍ ውስጥ ነበሩ።»

ሰዉ እጁን ከሳህኑ ሰበሰበ። ራሂማ የሻዩን ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ዓብዱልቃድር ብቻ፣ ሰዉ መብላት ያቆመበት ምክንያት ስላልገባው፣ ሳህኑን አንስቶ መጀመሪያ ለኔ ዘረጋልኝ።